የተገለበጠው ፊልተር

«አባትሽ ገና አልወጣም። ግቢና ጥሪው» አሉ ዘበኛው ጋሼ ቡልቻ፣ ትንሿን በር እየከፈቱላት።

ማህሌት የመረብ ኳስ ማሊያዋን እንደለበሰች ገባች። ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ የአባቷ ስልክ ደግሞ አይነሳም። አባቷ ቀናው አቃቂ በሰቃ በሚገኘው በዚህ የአውቶቡስ ቦዲ መሥሪያ ውስጥ፣ ቀለም የሚረጭበትን ክፍል የአየር ማጣሪያ ፊልተሮች ይቀይራል። ክፍሉ ባዶ የሚሆነው እሁድ ብቻ ስለሆነ እሁዶቹን ሁሉ የሚያሳልፈው እዚያ ነው። ኮዬ ፈጬ ካለው ቤታቸው እሷ ሳትነቃ ይወጣል፤ ሲመለስ ራቱን እንኳን ሳይጨርስ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድም ቀን ስትጫወት አይቷት አያውቅም። ትናንት ግን «የነገውን አልቀርም» ብሏታል።

ክፍሉ ውስጥ የወለሉ የብረት ፍርግርግ ገሚሱ ተነስቷል። ቀናው ተንበርክኮ፣ ከፍርግርጉ ሥር እንደ ፍራሽ ወፍራም የሆነ ፊልተር እየጎተተ ነበር። ፊልተሩ ሰማያዊ ቀለም ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቋል። ቀናው ገለበጠውና ነጩን ጎን ወደ ላይ አድርጎ መልሶ አስገባው።

«ማሂ! መጣሁ፣ መጣሁ። ይቺን መስመር ብቻ ልጨርስ።»

«ለምንድነው የምትገለብጠው?» አለች። አዲስ የፊልተር ጥቅል አጠገቡ ሳይከፈት ተቀምጧል።

«አዲሱን እየለኩ መቁረጥ ጊዜ ይፈጃል።» ቀና ብሎ አላያትም። «የሌላውን መስመር ቀይሬያለሁ። ይሄኛውን በሚመጣው እሁድ እቀይረዋለሁ። ከላይ ሲያዩት ንጹህ ነው፣ ማንም አያውቅም።»

«አየሩስ?»

«ምን አየር?»

«አንተ ነህ የነገርከኝ። ፊልተሩ በቀለም ተደፍኖ አየሩ ብናኙን ይዞ በሥር ካልወጣ፣ ብናኙ እዚሁ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል ብለህ።»

ቀናው ቀጣዩን ፊልተር መጎተት ጀመረ።

«ነገ የሚረጨው ማነው?»

«ሙሉአለም» አለ ቀስ ብሎ።

ሙሉአለም የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት። ስትረጭ ማስክ ብታደርግም፣ ማታ ማታ ስትስል እነ ማህሌት ቤት ድረስ ይሰማል።

ማህሌት ያልተከፈተውን የፊልተር ጥቅል አየች። አባቷ ይህን የሚያደርገው ለእሷ ብሎ ነው። ዝም ካለች፣ አሁኑኑ ሚኒባስ ይዘው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሄዳሉ። ኳሱን መትታ ዞር ስትል እሱን ታየዋለች። ይህን ስንቴ እንዳሰበችው እሷ ናት የምታውቀው።

ተንበርክካ የተገለበጠውን ፊልተር ስባ አወጣችው።

«ቀይረው፣ አባዬ።»

«ጨዋታውስ?»

«ስትጨርስ ና» አለችና፣ ድምፅዋ እንዳይሰበርባት ፈጥና ወጣች።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቶ ነበር። የቡድን ጓደኛዋ ሉላ ገና ስታያት፣ «ፋዘርሽስ?» አለቻት።

«ይመጣል።»

የግቢው በር በተከፈተ ቁጥር ዓይኗ ወደዚያው ይሄዳል። አንዴ ኳሱ ሳትነካው ፊት ለፊቷ ወድቆ ነጠረ።

«አቦ ማሂ፣ የት ነሽ?» ብላ ሉላ ጮኸች።

ተሸነፉ።

ቀናው እየሮጠ የደረሰው መረቡ ወርዶ፣ ኳሶቹን ከምትሰበስበው ከሉላ በቀር ሰዉ ሁሉ ሄዶ ካለቀ በኋላ ነው። ፀጉሩ ላይ የፊልተር ብጥስጣሽ ተጣብቋል። ባዶውን ሜዳ አየ፤ ከዚያ እሷን።

«አለቀ?»

«አለቀ። ተሸነፍን።»

«ሁሉንም ቀየርኩት» አለ።

ማህሌት ቦርሳዋን አንጠልጥላ አለፈችው። ተናዳለች፤ መናደዷ ደግሞ አሳፍሯታል። ቀይረው ያለችው ራሷ ናት። ከኋላዋ ሲያለከልክ ይሰማታል። ከታክሲ መውረጃው ጀምሮ ሮጧል ማለት ነው።

ቆመች።

«ሉላ፣ ኳሷን ወርውሪልኝ።»

«እንዴ፣ መረቡ ወርዷል እኮ!»

«ይውረድ።»

ቀናው ነገሩ ሲገባው፣ ማንም ሳይነግረው ወደ ሜዳው ጠርዝ ሄዶ እጁን አጣምሮ ቆመ። ማህሌት ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ ሉላ የወረወረችላትን ኳስ ይዛ ሰርቪስ መምቻው መስመር ላይ ቆመች። መቆሙን ዞር ብላ አረጋገጠችና ኳሷን ሽቅብ ወረወረቻት።