በእማማ ኦርፋ ቤት ላይ ያረፈው ቀይ ነጥብ

ስልኩ ሲነዝር ትሬሳ የጓሮ ፋሶሊያ እየቀነጠሰች ነበር። እጇን በሱሪዋ ጠርጋ ከኪሷ አወጣችው። ስልኩ የእሷ ሳይሆን የአያቷ የኦቬላ ነው። ኦቬላ ስልክን እንደ ተርብ በሁለት ጣቷ ስለምትይዝ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድም ሳይቀር የሚውለው ትሬሳ ኪስ ውስጥ ነው።

ካርታው ላይ አንድ ቀይ ነጥብ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሥሩ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ድሪማ ራሷ አደገኛ ብላ ባስመዘገበችው ቦታ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቆይታለች። ደህና ናት ወይስ እርዳታ ትፈልጋለች? በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመልሱ።»

ድሪማ እናቷ ናት። ነጥቡ ያረፈው ደግሞ ቨርሊን ከእናቱ ከእማማ ኦርፋ ጋር በሚኖርበት ቤት ላይ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው፤ በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ከየሦስት ቤት አንዱ በራሱ ደርሶበት ያውቀዋል። ድሪማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ፣ አንድ ከባድ ሽማግሌ ከአልጋ ስታነሳ ወገቧ ተቀጨ። ሐኪም የህመም ክኒን አዘዘላት። ሐኪሙ ሲያቆም ቨርሊን በሽያጭ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ከቤት ዕቃ መጥፋት ጀመረ። በመጨረሻ የትሬሳ ክላርኔት ከነሣጥኑ ጠፋ፤ ትሬሳም ወደ አያቷ ተወሰደች።

አሁን ድሪማ መታከም ከጀመረች ሰባት ወሯ ነው። በየጠዋቱ የሱስ ማስታገሻ መድኃኒቷን ከምላሷ ሥር አድርጋ፣ ሟሙቶ እስኪያልቅ በስልኳ ራሷን ቀርጻ ለክሊኒኩ ትልካለች። አብረው ባደሩ ቀን ትሬሳ ሆን ብላ ጥያቄ ታበዛባታለች፤ እናትየው አፏን መክፈት ስለማትችል በቅንድቧ ትመልሳለች። አደገኛ ቦታዎቹንም ካርታው ላይ ያስመዘገበችው ራሷ ናት። እነዚያ ቦታዎች ላይ ከቆየች መተግበሪያው መጀመሪያ ቤተሰብ ይጠይቃል። «እርዳታ ትፈልጋለች» ከተባለ፣ ወይም መልስ ከጠፋ፣ ለክሊኒክ አማካሪዋ ይደውላል።

ሰኞ ደግሞ ዳኛው ፊት ይቀርባሉ። እናቷ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይታለች። በአንደኛው ክፍል የትሬሳ አልጋ ተነጥፎ ይጠብቃል። አብረው ይኖሩ እንደሆነ የሚወሰነው ሰኞ ነው።

ትሬሳ ጻፈች፦ «እማ፣ የት ነሽ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። ገበያው ደርቷል።»

ትሬሳ መልሱን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ነጥቡ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

አያቷ ከጓዳ ሆና ስልኩ ምን እንደሚል ጠየቀቻት። ትሬሳ ዝናብ ይመጣል ነው የሚለው አለቻት። ውሸቱ እንዴት ቀልሎ ከአፏ እንደወጣ ገርሟት ገና ሳታበቃ፣ አያቷ ሰማያዊ ክዳን ያለውን የምድጃ ሳህኗን አይታ እንደሆነ ጠየቀች። ሐሙስ ዕለት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ ቅዳሜ ግን የለም።

ትናንት ማታ እናቷ እራት በልታ ነው የሄደችው። ስትወጣ ትልቁን ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ትሬሳ ያን ጊዜ ልብ አላለችም። አሁን ግን ሳህኑን፣ ቦርሳውን፣ ቀይ ነጥቡን አንድ ላይ ገጠመቻቸው። አያቷ ከዓመት በፊት «አንድ ጊዜ ብትደግም ይህን ደጃፍ አትረግጥም» ብላለች፤ ኦቬላ ደግሞ ያለችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። ከቨርሊን እናት ከእማማ ኦርፋ ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ የመዝሙር ደብተር ዘምረዋል። ልጃቸው ክኒን መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ግን አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችላቸውም።

ትሬሳ ጓደኛዬ ጋ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ሁለተኛ ውሸት።

የቨርሊን ቤት ወንዙን ይዞ ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል። በየመታጠፊያው ስልኩን እያወጣች አየች። ነጥቡ እዚያው ነው። «እኔን ልትፎግሪኝ? ነቄ ነኝ» አለች ለብቻዋ፤ ድምፅዋ ግን የነቃ ሰው ድምፅ አልነበረም።

ቤቱ ሲታያት ቆመች። መኪኖች እስከ ድልድዩ ድረስ ተሰልፈዋል። በፊትም መኪና የሚበዛበት ቀን ነበር፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፣ ማንም ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ዛሬ ግን የሚንቀሳቀስ የለም። በረንዳው ላይ ወንዶች ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ቨርሊን መካከላቸው አንገቱን ደፍቶ፣ በተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ።

የእነቨርሊን ጎረቤት ወይዘሮ ሉቬርን በር ላይ ተቀበለቻትና አቀፈቻት። እማማ ኦርፋ ሐሙስ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ ነበር። ሉቬርን ትናንት አያቷ ጋ ሁለት ጊዜ ደውላ የሚያነሳ እንዳጣች ተናገረች። ትሬሳ አፈረች፤ ስልኩን በትምህርት ሰዓት ድምፁን የምታጠፋው እሷ ናት።

እኛ የኬንታኪ ተራራ ሰዎች ለቅሶ ቤት ባዶ እጃችንን አንሄድም። ሳህኑ እንዳይጠፋ ደግሞ ከሥሩ ፕላስተር ለጥፈን ስማችንን እንጽፍበታለን። ሉቬርን ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ሳህን አነሳችና ገልብጣ አሳየቻት። ሰማያዊው ክዳን ጎኑ ተቀምጧል። ፕላስተሩ ላይ «ኦቬላ» ይላል፣ በእናቷ እጅ ጽሑፍ።

«ለአያትሽ ማካሮኒው ቀድሞ አለቀ ብለሽ ንገሪያት» አለች ሉቬርን። «ከአራት ዓመት በኋላም ቢሆን ላከችላቸው። ቨርሊን ስሙን ሲያይ አለቀሰ።»

ኦቬላ ምንም አልላከችም።

እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ ዕቃ እያጠበች ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ፣ እስከ ክርኗ አረፋ ውስጥ።

«እማ።»

እናቷ አልዞረችም። «መልእክቱ ደረሰሽ ማለት ነው።»

«ሥራ ላይ ነኝ ብለሽ ዋሸሽኝ።»

«ዋሸሁሽ። አሮጌ ልማድ ነው፤ ጣቴ ከልቤ ይቀድማል።» ሳህኑን አለቀለቀችው። «ለእናቴ ብነግራት ትከለክለኛለች። እማማ ኦርፋ ግን ስወለድ የተቀበሉኝ ሴትዮ ናቸው።»

«ስልክሽን ትተሽ ብትመጪ ማንም አያውቅም ነበር።»

«ትቼው ወጥቼ ነበር። ከመንገድ ተመልሼ አመጣሁት።»

«ለምን?»

እናቷ ያን ጊዜም አልዞረችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ላይ የእማማ ኦርፋ መድኃኒቶች ተደርድረዋል። እኔ የማውቃቸው ናቸው። እንደሚኖሩ ገምቼ ነበር፤ ገና ስገባ አየኋቸው። ከዚያ ጀምሮ እዚህ ቆሜ ንጹሕ ሳህን ደግሜ እያጠብኩ ነው፤ ከዞርኩ እግሬ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም።»

ትሬሳ የእናቷን ቦርሳ አየችው። ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። እናቷ ፈትሺው አለቻት። ትሬሳ ፈተሸችው፣ እስከ ሽፋኑ ድረስ። ቁልፍ፣ የራስ ቅባት፣ የሥራ መታወቂያ። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ የእናቷን ሁለት የጃኬት ኪስ ከኋላ ዳበሰች። እናቷ ክንዷን ከፍ አድርጋ አስዳበሰቻት።

እናቷ ምንም አልነካችም። ስልኩ ላይ ሃያ ስድስት ደቂቃ ቀርቷል። «ደህና ናት» የሚለውን ብትጫን ውሸት አይሆንም፤ ሰኞም እንደታሰበው ሰኞ ይሆናል። እርዳታ መጠየቅ እንደ መውደቅ አይቆጠርም ብላ አማካሪዋ ነግራቸዋለች። አማካሪዋ ግን ዳኛው አይደለችም።

«እማ፣ ደህና ነሽ?»

«አሁን፣ እዚህ ቦታ፣ ደህና ነኝ» አለች። «ከዚህ ለመውጣት ግን በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ማለፍ አለብኝ።»

ትሬሳ ስልኩን እናቷ እንድታየው አድርጋ ከማጠቢያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ሁለቱም ቁልፎች ይታያሉ። እናቷ አየቻቸው፤ ከዚያ ዐይኗን ጨፍና ራሷን ነቀነቀች።

ትሬሳ «እርዳታ ትፈልጋለች» የሚለውን ተጫነች።

ከምስማሩ ላይ ፎጣ አወረደች። ወደ መታጠቢያ ቤቱ በሚወስደው በር በኩል፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች፤ እናቷ ያቀበለቻትን የመጀመሪያ ሳህን ማድረቅ ጀመረች።