ፈረንሳዊ ያልጻፈው ግጥም

ክልሉ ገና እግሩን እየተከለ በነበረበት ዘመን፣ አሶሳ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት የጽሕፈት መኪናዎች አንዱ ጋዲሴ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ባለሥልጣኑ ሁሉ ደብዳቤውን ይዞ ይሰለፍባታል። መምህር ወርቅአፈራሁ ግን የሚያመጣላት ግጥም ነው።

ሰውዬው ራሱም ገጣሚ ነው። ቀን ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል፤ በቀረው ጊዜ የፈረንሳይኛ ግጥም ወደ አማርኛ ይመልሳል። እሷ ከሥራ በኋላ ትጽፍለታለች። ፈረንሳይኛ አታውቅም፤ ቢሆንም አንድም ስንኝ እንዳይዘለል አብሮ የሚያመጣውን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ መስመር በጣቷ እየቆጠረች ታመሳክራለች። ወደደችው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ! እሱ ዓይኑን ከወረቀት አያነሳም።

ሰሞኑን ደግሞ አዲስ አበባ ያለ አንድ ኮሌጅ የፈረንሳይኛ ግጥም እንዲያስተምር ጠርቶታል። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ሥራ ነው። ጋዲሴ ሰምታ እንኳን ደስ ያለዎት አለችው፤ ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት መጽሐፍ የሌለው ግጥም አመጣ። አንዲት ሴት ማንጎ ዛፍ ሥር ዝናብ ተጠልላለች፤ ገጣሚው ከመንገድ ማዶ ሆኖ ዝናቡ እንዳያባራ ይለምናል። ባለፈው ሳምንት ጋዲሴ ልክ እንደዚያ ተጠልላ ነበር። መጽሐፉስ ብትለው አዲስ አበባ ቀርቷል አላት።

«ፈረንሳይ አገር ማንጎ አለ እንዴ?»

አዬ ጉድ! ለሰው አገር ገጣሚ አፍ የሚሆነው ሰው በራሱ ጉዳይ ምላሱ ተሳሰረ።

«መምህር፣ ነጋዴው ዳበሳ እሑድ ሽማግሌ ይልክብኛል። ግጥሙ የፈረንሳዊ ከሆነ ይንገሩኝና ልቤን ልሰብስብ።»

«የኔ ነው» አለ በስንት መከራ።

«እንግዲያው ቀድመህ ላክ» አለችው። አንቱታው እዚያው ቀረ።

እሱ ደግሞ አሶሳ ዘመድ የለውም። ቅዳሜ ርዕሰ መምህሩ ጀዕፈርና ከወሎ በሰፈራ የመጡት አቶ አበጀ የጋዲሴ አባት ደጅ ቆሙለት። ዓይናቸው የጠፋው አባት ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱ። ነገር ግን የምትመራኝ እሷ ናት፣ ከአሶሳ አትወጣም አሉ።

ሰኞ ወርቅአፈራሁ በእጁ የጻፈውን አጭር ደብዳቤ ይዞ መጣ። ለኮሌጁ ነው፤ ሥራውን መቀበል አልችልም ይላል። ጋዲሴ እንባዋ እየወረደ ጽፋ ጨረሰችና ወረቀቱን ፊቱ አኖረችው።

«ይቆጭሃል።»

«ይቆጨኛል» አላት፤ ከእንግዲህ ሊዋሻት አልፈለገም። ብዕሩን አነሳና ፈረመ።