ጉልናር በየመንገዱ

ጉልናር መስኮቱን በኃይል ዘጋችው። ከታች፣ የሚታኘክ የፓን ቅጠል ከሚሸጠው ሰው ሱቅ ፊት የተኮለኮሉት ጎረምሶች ግን «ጉልናር፣ ጉልናር፣ ነይልኝ!» እያሉ ማጨብጨባቸውን አላቆሙም።

ስሟን የፊልም ዘፈን ውስጥ የከተተው ገጣሚው ታቢሽ ነው። የአባቷ ተማሪ ነበር። ግጥሙን ሊያሳርም ሲመጣ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጠዋለች፤ እሱም ዓይኑን ከመጋረጃው አይነቅልም። በቦምቤይ ገጣሚዎች ወግ፣ ገጣሚ በመጨረሻው ስንኝ የራሱን ስም ይጠራል እንጂ የሚወዳትን ሴት ስም ቢገድሉት አያወጣም።

ታቢሽ በማግስቱ መጣ። አባቷ ፊት ነሱት። ጉልናር በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ዜማው ተሠርቶ ነው የሚሰጠን» አለ። «አንድ ቦታ ቃል ጎደለኝ። ሙዚቀኞቹ ይጠብቃሉ፣ አዘጋጁ ይጮህብኛል። አፌ ላይ የመጣው ያንቺ ስም ነው።»

«የጎዶሎ መሙያ አደረግከኝ በለኛ!»

«ጉልናር...»

«አትጥራኝ! ትናንት አባቴ ከመስጊድ ሲወጡ አንዱ ባለጌ ከኋላቸው አቀነቀነባቸው። በዚህ ዕድሜያቸው!»

«ሽማግሌ ልላክ። ሚስቴ ስትሆኚ አፋቸውን ይይዛሉ።»

«ለካ እውነቱን ነው እንዲሉ? ሌላ ዘፈን ጻፍ። ሰው ይሄን እስኪረሳው እዚህ ደጅ እንዳላይህ!»

በሩ ተዘጋ።

ታቢሽ በየፊልሙ የሴት ስም እየጨመረ ጻፈ። ገጣሚ ጓደኞቹ «የስም ነጋዴ» ብለው ሰደቡት፤ ፊልም ሠሪዎች ግን ደጅ ጠኑት። ፊልሞቹ ከሲኒማ ቤት ሲወርዱ ዘፈኖቹም ይረሳሉ፣ ጎረምሶቹም ወደ «ጉልናር» ዘፈን ይመለሳሉ። እሷም ለጋብቻ የመጣላትን ጠያቂ ሁሉ እየመለሰች ተቀመጠች።

ዓመታት አልፈው፣ በአንድ የዝናብ ወራት በሴት ስም «ሸብነም» የሚል የታቢሽ ዘፈን ወጣ። ባቡሩ፣ ገበያው፣ ሠርጉ ሁሉ ሸብነም ሆነ። ጉልናር መስኮቱን ከፍታ አዳመጠች። ግጥሙ ያምራል። ደሟ ፈላ።

ታቢሽ ዝናብ እንደመታው መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል። አባቷ በሩ ላይ ትንሽ አዩትና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ጉልናር!» ብለው ተጣሩ። ከመንገዱ አንድም ጎረምሳ ስሙን ተቀብሎ አላቀነቀነም።

ወጣች።

«ረሱት» አለ ታቢሽ።

«ማናት ሸብነም?»

«ማንም አይደለችም። አንቺን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።»

«ውሸታም! እንደዚያ አሳምረህ ማንም ላልሆነች ሴት ጻፍክ?»

«ጉልናር...»

«ዝም በል!» አለችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ግባና ታስረዳኛለህ።»