የዓርብ አህዮች

ርእሰ መምህሩ አቶ ወልደሚካኤል ቢሯቸው ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። አጠገባቸው የደወል መምቻው ብረት ወድቋል። ጸሐፊያቸው ትዕግሥት ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ደህና ትታቸው ምሳ ወጣች፤ ሰባት ሰዓት ስትመለስ ሞተዋል።

መርማሪው ሻምበል ሀብተወልድ ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ሲደርስ፣ ካድሬው ዘበኛውን አባ ሙሜን አሳስሮ ጨርሷል።

«ብረቱን የሚይዘው እሱ ነው» አለ ካድሬው። « ለጁምዓ እንዳይወጣ ሟቹ ከልክለውት ተጣልተዋል።»

«መስጊድ ነበርኩ ይላሉ።»

«ምስክሮቹ ጎረቤቶቹ ናቸው! ነገ ወደ አዲስ አበባ ይላካል።»

በዚያ ዘመን ተልኮ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ሻምበሉ ነገሩ አላማረውም። መምህራኑ ሁሉ፣ እንደ ዘወትር ዓርብ ቀትር፣ ስም በሚጠራበት የፖለቲካ ውይይት ላይ ነበሩ። ትዕግሥት እህቷ ቤት ስትበላ አምስት ሰው አይቷታል። ከውይይቱ የቀረው የሒሳብ መምህሩ አሰፋ ብቻ ነው።

«ከተማው መግቢያ፣ ፈላና በር ላይ አህያ ስቆጥር ነበር» አለ አሰፋ። «ለተማሪዎቼ ትምህርት ብዬ አስፈቅጄ ነው። ደብተሩ ይኸው!»

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። ደብተሩን ማን ጠየቀው?

ሻምበሉ ወደ ስምንተኛ ክፍል ገባ። እሱ ራሱ ሒሳብ ወድቆ ስምንተኛን ደግሟል የሚሉ አሉ፤ ሐሜት ነው፤ የደገመው ሰባተኛን ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም የተሠራ ግራፍ ተለጥፏል። ሥሩ የአባ ሙሜ ልጅ ዐዚዛ፣ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ ቆማለች።

«ማን ሣለው ልጄ?»

«እኔ። ጋሽ አሰፋ ከክፍሉ መርጠውኝ ነው። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ጭነው በበሩ የገቡ አህዮች ናቸው። ሰኞ አምሳ ስምንት፣ ማክሰኞ ስድሳ አራት፣ ረቡዕ ስድሳ አንድ፣ ሐሙስ ስድሳ አምስት። የዓርቡንም እንደ ሌላው ቀን ጋሽ አሰፋ ቆጥረው ማታውኑ ሰጡኝ፤ ስድሳ ሁለት።»

ሻምበሉ ደብተሩን ገለጠ። ለአራቱ ቀናት በየአምስቱ የታሰሩ ጭረቶች ገጹን ሞልተውታል። ለዓርብ ቁጥሩ ብቻ።

«የአራቱ ቀን አማካይ ስንት ይመጣል?»

ልጅቷ ጠመኔ አንስታ ደመረች፤ ሁለት መቶ አርባ ስምንት። ለአራት አካፈለች። ስድሳ ሁለት ጽፋ ግራፉ ላይ ወዳለው የዓርብ ቁጥር ዞረች።

ሻምበሉ በቀጥታ ፈላና በር ወረደ። እዚያ ሽንኩርት የምትቸረችረውን ሰዐዲያን ጠየቃት።

«ዓርብ ስድስት ሰዓት?» ሳቀች። «አቦ፣ ምን አህያ አለ! ነጂው ለጁምዓ መስጊድ ነው። አምስት ካለፈ ብዙ ነው፣ ወላሂ። እኔም ገዢ ስለማጣ እዚሁ ጥግ እሰግዳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ አባ ሙሜም እጃቸው እንደታሰረ መጡ።

«ጓድ አሰፋ» አለ ሻምበሉ፣ «ቆጥሮ የጻፈ ሰው ጭረት ይተዋል። አንተ የአራቱን ቀን አማካይ ወስደህ ዓርብ ብለህ ጻፍክ። አማካይ ግን ያላየኸውን ቀን አያውቅልህም። በዓርብ ቀትር በሩ ጭር ይላል። አንተ ዓርብ ዓርብ ውይይት ላይ ስለምትውል አይተኸው አታውቅም። በሩ ጋ አልነበርክም፤ የት ነበርክ?»

አሰፋ ከግራፉ ወደ ሻምበሉ ዞረ።

«ወንድሜ አብሮኝ ይኖር ነበር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። ለብሔራዊ ውትድርና ከየክፍሉ ሁለት ስጡ ሲባሉ ስሙን የሰጡት አቶ ወልደሚካኤል ናቸው። መርዶው በመጋቢት መጣ። ዓርብ ለምን እሱን እንደመረጡ ልጠይቃቸው ገባሁ። ‹ኮታ መሙላት ነበረብኝ› አሉኝ። ብረቱ ቢሮው በር ጥግ ነበር፤ አነሣሁት።»

ፖሊሱ የአባ ሙሜን እጅ ፈታ። ሽማግሌው የቆሰለ አንጓቸውን እያሹ ወደ መምህሩ ቀረቡ።

«ለወንድምህ አላህ ያጽናህ። እኔን ሲያስሩኝ ግን ቆመህ ታይ ነበር። ይቺን ልጅ ያለ አባት ስታስቀራት ምን አልክ?»

«አላሰብኳትም» አለ አሰፋ።

ዐዚዛ ይህን ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጋሽ አሰፋ ከተማሪ ሁሉ አስበልጠው የሚያስቡት ለእሷ ይመስላት ነበር።