በመርፌ ቀዳዳ የገባው ሙሽራ

እኔ ወዳጄ፣ ጂን አለ ሲሉኝ «ክብደቱ ስንት ነው?» እያልኩ የማፌዝ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልልህም፣ ያየሁትን ግን አየሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ሸሕዲ፣ የእህቴ የትርንጎ ሠርግ ቀን። ሙሽራው ደምሌ ኮኪት ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ የወሎ ልጅ ነው፣ ሲስቅ ሰውን ሁሉ የሚያስቅ፣ ግን እዚህ አገር አንድ ዘመድ የለውም። አባቴን ይኼ ነገር ከነከናቸው፣ «አንድ ወገን እንኳ ከጎኑ ሳያቆም ልጄን ሊወስድ?» ይላሉ። ለስድስት ሰዓት የተቀጠረው ሙሽራ እስከ ዘጠኝ ሳይመጣ ቀረ፣ «ሱዳን ተሻግሯል» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ፣ ሰዓት እላፊም አለ። «እስከ አሥር እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ዳሱን አፍርሱት!» አሉ አባቴ። ትርንጎ ቬሎዋን እንደለበሰች ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች፣ እሷን እያየሁ መቆም አቃተኝና ከዳሱ ፊት ለፊት ያለው ባዶ የሰሊጥ መጋዘን ገብቼ ተደበቅኩ።

እዚያ ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት ጨለማ ክፍል አለ፣ በቆርቆሮው ግድግዳ አንዲት ቀዳዳ፣ ትይዩዋ ነጭ አንሶላ፣ ውጪ ያለው ሁሉ ተዘቅዝቆ አንሶላው ላይ ይታያል። ቀዳዳው ሲሰፋ ምስሉ ይደበዝዛል፣ የመርፌ ጫፍ እስኪያክል ሲጠብ ይጠራል፣ እንደ እኔ ሳትጠግብ ከልክ በላይ ካጠበብከው ግን ብርሃኑ ራሱ ሲያልፍ ይበተንና መልሶ ይደበዝዝብሃል። በምላጭ ስንጥቅም ሞክሬያለሁ፣ በአንድ ጎን ይጠራል፣ በሌላው ይፈሳል። ያን ቀን የነበረው ያበላሸሁት፣ ከልክ በላይ የጠበበው ነው።

ዳሱ ተዘቅዝቆ፣ ሰዉ ጉም መስሎ ይታየኛል። ድንገት የውጪው ጫጫታ ቀጥ አለ፣ እመነኝ፣ የዝንብ ድምፅ እንኳ አልነበረም። አንሶላው ላይ ደምሌ ቆሟል፣ ሳይዘቀዘቅ፣ ራሱ ወደ ላይ እግሩ ወደ ታች! የሸሚዙ ቁልፍ እስኪቆጠር ጠርቷል። አረንጓዴ ቀሚስ የለበሱ አንዲት አሮጊት ክንዱን ይዘው ይስቃሉ።

ሮጬ ወጣሁ፣ ማንም የለም። ምን እንደገፋኝ እንጃ፣ «አባባ፣ እየመጣ ነው! ከዘመዱ ጋር ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ውሸት እንደማልወድ ስለሚያውቁ ዳሱን ሳያስፈርሱ አሥር ሰዓትን አሳለፉት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደምሌ በግራሶ ጠቁሮ፣ ብቻውን፣ ትራክተሩን እያንጓጓ ደረሰ። እልልታው ቀለጠ፣ አባቴ ራሳቸው እስክስታ ወረዱ፣ ዘመዱ የታለ ብለው መጠየቁንም ረሱት፣ እኔም በደስታ አበድኩ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?» አልኩት ሲመሽ ለብቻው ይዤ።

«ትራክተሩ ሥር ተኝቼ ብሎን ስፈታ ነዋ ጋሼ!»

ያየሁትን ነገርኩት። የቀሚሱን ቀለም ስነግረው ሳቁን አቋረጠ።

«እናቴን በአረንጓዴ ቀሚሷ ነው የቀበርናት! የታለች? ያሳዩኝ» አለ።

«ፀሐይ ገብታለች እኮ፣ ብርሃን ከሌለ ምስል የለም» አልኩት።

አልሰማኝም፣ ገባ። በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ከውስጥ የሁለት ሰው ሳቅ ሰማሁ። ደምሌ ፊቱ በርቶ ወጣ፣ በቀጥታ ወደ ትርንጎ ሮጠ።

ውስጥ የቀረው ሳቅ ግን ገና አላበቃም ነበር።