የመሰርሰሪያው አዳር

የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ ቨርና ዘለለች። የበረዶ ሞተርሳይክሏ በአፍንጫዋ ተደፍታ ጥቁሩ ውሃ ውስጥ ገባች፤ መጥረቢያውም፣ የበረዶ መስበሪያው ብረትም አብረው ሰመጡ። ከኋላ በአርባ እርምጃ ገመድ ትጎተት የነበረችው የዓሣ አጥማጆች ጎጆ በእንጨት ሸርተቴዎቿ እየተንሸራተተች ተከተለች። ቨርና ቢላዋዋን መዝዛ ገመዱን በጠሰችው። ጎጆዋ ተንገጫግጫ ቆመች።

በሩን በርግዳ ገባች። አጎቷ ኤልዜር ከማገዶ ክምር ሥር ተጋድመዋል።

«አጎቴ! አሉ?»

«እኔስ አለሁ። ቅልጥሜ ነው የሌለው።»

ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሃምሳውን የጨረሱት እዚሁ በካናዳው ዊኒፔግ ሐይቅ ላይ ነው። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰብሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ዳርቻው አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት ነው። በዚህ ብርድ ከጎጆ ወጥቶ የሚተርፍ ሽማግሌ የለም።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ከሰሜን ተነሥቶ የበረዶውን ብናኝ ጠርጎ ወሰደና ሐይቁን ራቁቱን አስቀረው። ጎጆዋ ሸርተት አለች። አንድ እርምጃ። ቆመች። እንደገና ሁለት። የምትሄደው ወደ ስንጥቁ ነው፤ ስንጥቁም አፉን እየከፈተ ነው።

«ቀዳዳ ብሺ!» አሉ ኤልዜር። «የአልጋዬን አግዳሚ ንቀይና ወገቡን በገመዱ እሰሪው፤ በቀዳዳው ወደ ታች ስደጂው። በረዶው ሥር ከተጋደመ ሰይጣንም አይነቅለው።»

ቨርና አግዳሚውን ነቅላ ከጎጆዋ ጋር በቀረው ገመድ ወገቡን አሰረችው። የቤንዚን መሰርሰሪያው በውጭ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አውርዳው ከነፋሱ ወገን ቆመችና የማስነሻውን ገመድ ሳበች። ዝም። አሥር ጊዜ ሳበች፤ ሃያ ጊዜ። አየር መዝጊያውን አልከፈተችም ነበርና የቤንዚን ሽታ አፍንጫዋን መታው።

«አነቅሽው!» ብለው ጮኹ አጎቷ ከውስጥ። «ሕፃን እንኳ እንዲህ አይጋትም! ካንዴላውን ፍቺ!»

ፈታችው። ርሷል። ይዛው ገብታ በሸሚዟ ጠረገችው፤ ምድጃው ላይ አሙቃ፣ ጣቷን እያቃጠላት መልሳ ገጠመችው። አየር መዝጊያውን ከፍታ ሳበች። ሞተሩ አጓራ! ስለቱ በረዶውን ነከሰ፤ አንድ ስንዝር ገባ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት ጠፋ። እንደገና አስነሣችው። እንደገና ጠፋ።

ጎጆዋ ስንጥቁ ጋ ልትደርስ ሃያ አምስት እርምጃ ቀረ። ወደ በሩ ሮጠች።

«ተነሥቶ የሚሞት ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም» አሉ ኤልዜር። «የት አደረ?»

ትናንት አመሻሽ ላይ አዝናለት ምድጃው አጠገብ ያስገባችው፣ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ቀስ ብላ መልሳ የሰቀለችው ቨርና ራሷ ናት። አጎቷ ደግሞ ሞተርን እሳት ዳር የሚያስገባ ሰው ካገኙ ክረምቱን ሙሉ ሲዘልፉት ይከርማሉ። ባለፈው ዓመት አንዱን ጎልማሳ «ሞግዚቷ» ብለው ስም አወጡለት፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

«ውጭ ነው ያደረው» አለች።

«እንግዲያው ቱቦው ነው፤ ቆሻሻ ይዞታል። ንቀይው።»

ጓንቷን አወለቀች። ቱቦውን ነቅላ በአፏ ነፋችበት። ቤንዚኑ ከንፈሯን ላጠው፤ የጣቷ ቆዳ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ቱቦው ግን ንጹሕ ነበር። ገጠመችው፣ አስነሣችው፤ ሁለተኛውን ስንዝር ሳይጨርስ ሞተ። ጎጆዋ በአንድ ነፋስ ስድስት እርምጃ ሄደች፤ ቀጥሎም ሰባት።

አሥራ ሁለት ቀረ። ቨርና በሩ ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ሲናገሩ ሰማች። በድምፃቸው ዘለፋ አልነበረም።

«ልጄ፣ ተይኝ። አንቺ እግር አለሽ፤ ትደርሻለሽ። ሂጂ።»

ይሄ ሰበራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሷ ግን ለገዛ ኀፍረቷ ብላ የአጎቷን መድኃኒት ነው የደበቀችው። የበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከች።

«ዋሸሁዎት! ውስጥ ነው ያደረው! እኔ ነኝ ያስገባሁት፣ እሳት ዳር!»

ኤልዜር በክንዳቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ክዳኑ!» ብለው ጮኹ። «የቤንዚኑ ክዳን! የቀለጠው በረዶ መተንፈሻው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ረግቷል። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም! ክፈቺው! ሩጪ!»

ሮጠች። ክዳኑን በቆሰለ እጇ ጠመዘዘችው፤ ፊሽ ብሎ አየር ሳበ። አላልታ ተወችውና ገመዱን ሳበች። ሞተሩ ተነሣ። አልሞተም። ቨርና እያለቀሰች በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው፤ ስለቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ውሃው ገንፍሎ ጫማዋን አራሰው። ገመድ ያሰረችበትን አግዳሚ አቁማ በቀዳዳው ሰደደችው፤ ከሥር ተጋደመ።

ነፋሱ መጣ። ጎጆዋ ሄደች፤ ገመዱ ተወጥሮ ተንጣጣ። ከውሃው አራት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

በማግስቱ ነፋሱ ጋብ ሲል ሁለት ዓሣ አጥማጆች ከዳርቻው መጥተው ደረሱላቸው። ኤልዜርን በሸርተቴ ላይ ካሰሩ በኋላ አንደኛው መሰርሰሪያውን አነሣ፤ ክዳኑን ገልብጦ በመተንፈሻው ውስጥ የረጋውን በረዶ አየና ሳቀ።

«ይሄን ደግሞ ማነው እሳት ያሞቀው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ኤልዜር ፈጥነው። «እርጅና ነው፤ አዘንኩለት።»

ቨርና አጎቷን አየቻቸው። በሃምሳ ዓመት ያፈሩትን ስም ለእሷ ሲሉ ሊጥሉት ነው።

«ውሸታቸውን ነው» አለች። «ያስገባሁት እኔ ነኝ። እንዳይዘልፉኝ ብዬ ልገድላቸው ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ኤልዜር የቆሰለ እጇን ያዙ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ቂል» አሏት። እጇን ግን ዳርቻው እስኪደርሱ አልለቀቁትም።