ኮርቻው ከፍ ያለ ብስክሌት

አስከሬኑ ጭላሎ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከአስታ ቁጥቋጦ ሥር፣ ሄልሜት እንዳጠለቀ ተጋድሞ ነበር። ሟቹ ሌዊ ይባላል፤ ከውጭ የሚገቡ የተራራ ብስክሌቶችን ጋልቦ የሚፈትን የአቦምሳ ልጅ። ብስክሌቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተንጋሏል።

ኢንስፔክተር ሀሊሜ ከአሰላ ስትደርስ አስመጪው አቶ አሳምነው ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። አለባበሱ ከላይ እስከ ታች የብስክሌተኛ ነው፤ ጭቃ ግን ጠብ አላለበትም። ሀሊሜ አንዴ አየችውና ናቀችው።

«ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ከመኪናዬ ሆኜ አይቻለሁ። ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ሲበር መጥቶ ተከሰከሰ። ቀልቃላ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።»

«አዝነዋል?»

«እንዴታ! አሁን ይህን ሁሉ ብስክሌት ማን ይፈትንልኛል?»

ሀሊሜ ከንፈሯን መጠጠች፤ ለሟቹ ሳይሆን ለተናጋሪው።

ያን ጠዋት ተራራው ላይ የነበሩት ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መካኒኩ ዮፍታሔና የሌዊ የፈተና ጓደኛ መቅደላዊት። ሦስቱም በየፊናቸው ብቻቸውን ነበሩ።

«ፍሬኑን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ ዮፍታሔ። «ግን ይሞክሩት።»

ሞከረችው። ጎማው ቀጥ አለ።

መቅደላዊት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ትናንት ተጣልተን ነበር፤ አልደብቅዎትም። ቴላዮው፣ የብስክሌቱ አጽም፣ እየተሰነጠቀ ነው፣ ለሕዝብ እናገራለሁ ሲል ሥራችንን እንዳናጣ ፈርቼ ተው አልኩት።»

«ለማን ነግሮ ነበር?»

«ለሁላችንም።»

ሀሊሜ አስከሬኑን፣ ቀጥሎ ብስክሌቱን ዞራ ዞራ አየች። ከዚያ ከአሳምነው መኪና ላይ ተመሳሳይ ብስክሌት አስወርዳ ሦስቱን ሰበሰበች። ለረዳቷ ለአብዲሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ እሱም ወደ አሳምነው መኪና ሄደ።

«ይህን ብስክሌት ለቁልቁለት አዘጋጁልኝ። አቶ አሳምነው ይጀምሩ።»

አሳምነው መሪውን በመሐረብ ወለወለ፣ ፍሬኑን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ። «ዝግጁ ነው።»

መቅደላዊት አላስቻላትም። ኮርቻውን ዝቅ አድርጋ፣ ካቴናውን ከኋላው ትልቁ ጥርስ ወደ ትንሹ አወረደችው። «በከፍተኛ ኮርቻና በዳገት ማርሽ እንደዚህ ያለ ቁልቁለት የሚወርድ እብድ የለም!»

ዮፍታሔ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ።

«የሌዊ ብስክሌት ኮርቻው ከፍ እንዳለ ነው፤ ካቴናውም ትልቁ ጥርስ ላይ» አለች ሀሊሜ። «ስለዚህ ሲሞት ዳገት እየወጣ ነበር። ዳገት የሚወጣ ሰው እንደ ንፋስ አይበርም። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈልጧል፣ ሄልሜቱ ግን አልተጫረም። ሙቀቱ ሲበረታበት አውልቆት ነበር፤ ያጠለቀለት ገዳዩ ነው። እነዚህ ሁለቱ ገድለውት ቢሆን ማርሹን ቀይረው፣ ኮርቻውን ዝቅ አድርገው ይጥሉት ነበር። ይህን የማያውቅ፣ ያልተወረደ ቁልቁለትም አየሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ!»

«እርስዎ» ማለቱ እዚያው ገደል ገባ።

አብዲሳ ከመኪናው ወንበር ሥር ያገኘውን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የመኪና ማንሻ ክሪክ ብረት ገለጠ። ደምና ፀጉር ተጣብቆበታል።

አሳምነው ፊቱ አመድ መሰለ። «ለአንዲት ስንጥቅ ስሜን ሊያጠፋ! የሚገዛው ጎረምሳ መቼ ያውቀውና ነው?»

«ያ የማያውቀው ጎረምሳ ነው አንገቱን የሚሰብረው» አለች መቅደላዊት።

አሳምነው እጁ ከታሰረ በኋላ ወደ መኪናው አመራ። «ጭቃ ነው፤ በዚህ እንሂድ።»

«መኪናው ማስረጃ ነው» አለች ሀሊሜ። «በእግርህ ውረድ።»

ገና ከመነሳቱ አዳለጠውና በቂጡ ዘጭ አለ። እጁን የዘረጋለት አልነበረም። ሀሊሜ እንደ ምንም ተፍጨርጭሮ እስኪነሳ ቆማ ጠበቀችው።